«ማቆላለፍ»፦ ያለ ማያያዣ ለሚጋጠም ላሜራ የቀረበ ስያሜ

ላሜራን ከላሜራ ጋር ስለ ማጋጠም ሲነሣ በሙያው የሚዘወተሩት ቃላት ብየዳ፣ ሪቬትና ቡሎን ናቸው። ከእነዚህ የተለየ፣ ሙቀትም ማያያዣም የማይሻ ዘዴ አለ፤ በአየር ማስተላለፊያ ቱቦ፣ በልብስ ማጠቢያ መኪናና በአውቶሞቢል አካል ሥራ ይገኛል። የተደራረቡ ሁለት ላሜራዎች በጎድጓዳ መቀበያ ላይ ይቀመጣሉ፤ ከላይ የሚወርደው ዘንግ በኃይል ሲጫናቸው ሁለቱም ወደ ጎድጓዳው ይገባሉ፤ የላይኛው ብረት በግፊቱ ወደ ጎን ስለሚሰፋ በታችኛው ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል።

ይህን «ብየዳ» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ብረቱ አይቀልጥምና። ሠራተኛው የመጋጠሚያውን ጥራት ለማወቅ በተጫነው ስፍራ ግርጌ የቀረውን ውፍረት መለካት ሲገባው፣ የቀለጠ ብረት ምልክት ይፈልጋል። «ሪቬት» ቢባልም የሌለ ዕቃ ያፈላልጋል። «መቆለፍ» ቀረብ ይላል፤ ሆኖም ቁልፍ የሚባል ሦስተኛ ነገር ያሳስባል።

«ማቆላለፍ» ግን ጣት ከጣት እንደሚቆላለፍ ሁሉ፣ ሁለቱ አካላት እርስ በርስ መያያዛቸውን ያሳያል፤ የግሡ ድግግም ቅርጽ ራሱ ይህን ትርጉም ይሸከማል። ስለዚህ ለሥራው «ማቆላለፍ»፣ «ውስብስብ» በሚለው አምሳል ለውጤቱ «ቁልፍልፍ»፣ ለመሣሪያው «የላሜራ ማቆላለፊያ» የሚሉትን እናቀርባለን። የተቆላለፈ ጣት በቀላሉ ይላቀቃል፤ ይህ መጋጠሚያ ግን ሳይበላሽ አይላቀቅም። ልዩነቱን ቃሉ ስለማይናገር፣ በመዝገበ ቃላት ፍቺው ውስጥ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል።