የመኖ ፕሮቲንና የአውሮፓ ገበያ ሕግ

የእብድ ላም በሽታ ለመኖ በሚሰጥ የሥጋና የአጥንት ዱቄት አማካይነት መዛመቱ ከታወቀ ወዲህ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ1994 እ.ኤ.አ. የአጥቢ እንስሳት ፕሮቲን ለሚያመሰኩ ከብቶች እንዳይሰጥ ከለከለ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ፣ ከዓሣ ዱቄትና ከጥቂት ሌሎች በቀር፣ እገዳውን ለምግብ በሚረቡ እንስሳት ሁሉ ላይ አጸና።

ዛሬ ግን በሩ በከፊል ተከፍቶአል። እንደ ዝንብ እጭ ካሉ ነፍሳት የተዘጋጀ ዱቄት በ2017 እ.ኤ.አ. ለእርባታ ዓሣ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ለዶሮና ለአሳማ ተፈቅዶአል፤ ለከብት፣ ለበግና ለፍየል ግን እንደ ተከለከለ ነው።

የኑግና የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ የዕፅዋት ውጤት በመሆኑ ይህ እገዳ አይመለከተውም። ሆኖም የእንስሳት ዱቄት ጭኖ ባልጸዳ መኪና ቢጓጓዝ ንጽሕናው ይጠረጠራል። ስለዚህ ወደዚያ ገበያ መኖ የሚልክ ነጋዴ ከዋጋ ክርክር አስቀድሞ የከረጢቱንና የመጓጓዣውን ንጽሕና ማረጋገጥ ይገባዋል፤ በአንድ ከረጢት ጉድለት የጭነቱ ሁሉ ስም ይጎድፋልና።