የውጭ ምንዛሪ የማይጠይቅ መሣሪያ

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፣ ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከቦሌ እስከ ጎሮ ያሉ አስመጪዎችና ባለሱቆች የዋጋ ዝርዝራቸውን ደጋግመው ማስተካከል ግድ ሆኖባቸዋል። 800 ዓይነት መለዋወጫ በሚሸጥ መደብር፣ ጸሐፊው ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ደቂቃ ብቻ ቢወስድ እንኳ ሥራው ከ13 ሰዓት በላይ ይፈጃል።

ይህንኑ በጥቂት ሴኮንድ የሚፈጽም መሣሪያ ግን በየቢሮው ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ይኸውም ተርሚናል የተባለው፣ ማውስ በመጫን ሳይሆን ትእዛዝ በመጻፍ የሚሠራበት መስኮት ነው፤ በዊንዶውስ ላይ ያለው ፓወርሼል ይባላል። ተባባሪዎቹ ፓይዘንና ጊት ያለ ዋጋ የሚገኙ ስለ ሆኑ ኤልሲ መክፈት አያሻም፤ አንድ ጊዜ ከተጫኑም በኋላ ኢንተርኔት ቢቋረጥ ሥራቸውን አያቆሙም።

ጀማሪው በቅድሚያ ሦስት ትእዛዞችን ይወቅ። «ፒ ደብሊው ዲ» የት እንዳለን ይነግራል፤ «ኤል ኤስ» በዚያ ያለውን ይዘረዝራል፤ «ሲ ዲ» ወደ ሌላ ክፍል ያሻግራል። አዲስ የግምጃ ቤት ኃላፊ ቁልፍ ሲረከብ የሚጠይቀው ይህንኑ አይደለምን? ከዚያም የዕቃዎቹን ስምና የዶላር ዋጋ በኮማ ለይቶ በሲ ኤስ ቪ ፋይል ያስቀምጥ፤ ዋጋውን በዕለቱ ምንዛሪ የሚያባዛ አጭር የፓይዘን ፕሮግራም ይጻፍ። ምንዛሪው በተለወጠ ቁጥር የሚለውጠው አንዲት ቁጥር ብቻ ይሆናል።

ሆኖም ተርሚናል የታዘዘውን ይፈጽማል እንጂ አይጠራጠርም። «አር ኤም» በተባለው ትእዛዝ የተሰረዘ ፋይል ወደ ቆሻሻ መጣያ አይገባም፤ በዚያው ይጠፋል። ስለዚህ ልምምዱ ሁልጊዜ በቅጂ ላይ ይሁን። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ጊት ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ እየመዘገበ የቀድሞውን መልሶ ያሳያል፤ በሒሳብ መዝገቡ ስርዝ ድልዝ የማይወድ ነጋዴ ጥቅሙን ወዲያው ይረዳዋል።

ሙያው ለምሥራቅ አዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፤ በጎሮ አካባቢ የአይ ሲ ቲ ፓርክ ተቋቁሟል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምም የፕሮግራሚንግን መሠረት በነጻ የሚያስተምር ነው። እንግዲህ ባለመደብሩ ለወጣት ጸሐፊው በቀን አንድ ሰዓት ይፍቀድለት። አዲሱ ዝርዝር በመደርደሪያው ላይ ከመለጠፉ በፊት ግን፣ ራሱ ባለቤቱ አሥር ዕቃዎችን በእጁ አስልቶ ያመሳክር፤ ፕሮግራሙ ቢሳሳት ኪሳራው የሚደርሰው በእርሱ ላይ ነውና።