ለጎንደር የሚበጀው የትኛው ፋብሪካ ነው?

የውጭ ባለሀብት ፋብሪካ ሊከፍት ነው ሲባል መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ ስንት ሰው ይቀጥራል የሚል ነው። ለጎንደር ከተማና ለሰሜን ጎንደር ደጋ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ጥሬ ዕቃውን የሚገዛው ከማን ነው? ጎንደር ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የጅቡቲ ወደብ ደግሞ ከዚያም ይርቃታል። ጨርቁን ከባሕር ማዶ አስመጥቶና ሰፍቶ መልሶ የሚልክ ድርጅት የጭነቱን ዋጋ ሲያሰላ ሌላ ከተማ ይመርጣል። የፌዴራሉ ኢንዱስትሪ ፓርኮች በሐዋሳ፣ በኮምቦልቻ፣ በደብረ ብርሃንና በባሕር ዳር ሲከፈቱም ጎንደር ዕድሉ አልደረሳትም።

የዳሸን ቢራ ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2000 በጎንደር ሥራ ሲጀምር የአማራ ክልሉ የጥረት ኢንዶውመንት ንብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የእንግሊዙ ዱዌት ግሩፕ ድርሻ ገዝቶ ገባ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ የተመረቀው ትልቁ አዲስ ፋብሪካ ግን የቆመው በደብረ ብርሃን ነው፤ ለአዲስ አበባ ገበያ ቅርብ ነውና። ሱፍሌና ቦርትማልት የተባሉት የውጭ ብቅል አምራቾችም ሲመጡ የመረጡት ቦሌ ለሚንና ደብረ ብርሃንን ነው። ጎንደር ገበያውን ማቅረብ አትችልም፤ ገብሱ ግን ደጃፏ ላይ ነው። ወገራ፣ ዳባትና ደባርቅ የገብስ አገር ናቸው፤ በከተማዋም የብቅል ፋብሪካ አለ። ገበሬው በመኸር ማግስት ዋጋ ሲወድቅ ለነጋዴ ከመሸጥ ይልቅ ዘርና ማዳበሪያ ቀድሞ ወስዶ በውል ዋጋ ለፋብሪካ ቢያስረክብ፣ ገንዘቡ ፋብሪካ ደጅ ረግጦ የማያውቅ ቤተሰብ ዘንድ ይደርሳል።

ብቅል ፋብሪካ የሚቀጥረው ጥቂት ነው፣ ስፌት ግን ሺዎችን ያሰማራል የሚል ክርክር ይነሣል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ሥራው ግን ምን ያህል ያቆያል? እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት በሐዋሳ ፓርክ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር መሆኑን አሳይቷል። ብላትማንና ዴርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ ፋብሪካዎች በዕጣ የተቀጠሩ ሰዎችን ተከታትለው፣ ሲሦ ያህሉ በመጀመሪያው ወር፣ አብዛኞቹም በዓመቱ ውስጥ ሥራውን መልቀቃቸውን አይተዋል። እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል ስትታገድ ደግሞ በዚያ ገበያ ላይ የቆሙት ፋብሪካዎች ተናጉ።

የቢራ ገብስ የእንጀራውንና የበሶውን እህል ይሻማል የሚለው ስጋት ከቅጥሩ ክርክር ይከብዳል፤ ማሳው ጠባብ ነውና። ስለዚህ ውሉ ከማሳው ከፊሉን ብቻ ይያዝ፤ ገብሱም ከባቄላና ከድንች ጋር ይፈራረቅ። ከሁሉም በላይ ግን ሰላም ያስፈልጋል። የትግራዩ ጦርነት እ.ኤ.አ. በ2021 እስከ ዳባት ወረዳ ዘልቋል፤ ከ2023 ወዲህም በአማራ ክልል ያለው ግጭት መንገድ ይዘጋል። የግብር እፎይታ የተዘጋ መንገድ አይከፍትም። መንገዱ ሲከፈት ለባለሀብት መሬት የሚሰጡ የክልሉ ኃላፊዎች፣ ከደጋው ገበሬ የሚገዛበትን መጠንና ዋጋ በሊዝ ውሉ ላይ ያስፍሩ።