የጠረጴዛ ደላላ ያስፈልጋልን?

በአዲስ አበባ ቤት ፈልጎ የተንከራተተ ሰው ስለ ደላላ ሁለት ነገር ሲናገር ይሰማል። ያለ ደላላ ቤት አይገኝም ይላል፤ ወዲያውም ደላላ ኪሴን አራቆተው ብሎ ያማርራል። ሁለቱም እውነት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ቤት ስለሚያከራየው ሳይሆን ጠረጴዛ ስለሚያከራየው ደላላ ነው።

ጠረጴዛም ይከራያልን? የሚል አንባቢ ቢኖር፣ አዎን ይከራያል። ቢሮ ለመከራየት አቅም ያነሳቸው፣ በየቤታቸው ብቻቸውን መሥራትም የሰለቻቸው ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው፣ መብራቱንና ኢንተርኔቱን በጋራ እየተጠቀሙ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ የሚያከናውንበት ቦታ ኮወርኪንግ ይባላል። ብራድ ኒውበርግ የተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ በ2005 በሳን ፍራንሲስኮ ጀመረው (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በከተማችንም በ2011 የተቋቋመው አይስአዲስ ለዚህ ዐይነቱ ሥራ ፈር ከቀደዱት አንዱ ነው።

እንግዲህ የአነስተኛ አዳራሽ ባለቤት፣ በኢንተርኔት ቦታ ለሚያስይዝ ሌላ ድርጅት ጠረጴዛዎቹን ይስጥ ወይስ አይስጥ? በሂሳብ እንየው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ጠረጴዛ የቀን ኪራይ 200 ብር፣ የአገናኙም ድርሻ ከመቶ 20 ነው እንበል። አዲስ እንግዳ በአገናኙ በኩል ቢመጣ ባለቤቱ 160 ብር ያገኛል። ጠረጴዛው ባዶ ቢውል ኖሮ ምንም አያገኝም ነበር፤ የዛሬ ባዶ ጠረጴዛ ለነገ ተቀምጦ አይሸጥምና። ነገር ግን ቀድሞ በቀጥታ ይከፍል የነበረ ደንበኛ በአገናኙ በኩል መክፈል ቢጀምር ባለቤቱ 40 ብር በከንቱ ያጣል። አንድ አዲስ እንግዳ የአራት ነባር ደንበኞችን ጉዳት ብቻ ይሸፍናል ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው አገናኙ ስንት ሰው አመጣ ሳይሆን ከመጡት ውስጥ አዲሶቹ ስንት ናቸው ነው።

ከገንዘቡም የሚከብድ ነገር አለ፤ ይኸውም ትውውቅ ነው። የአዳራሹ ሀብት ወንበሩ አይደለም፤ ወንበርማ በየቡና ቤቱ አለ። ሀብቱ ሒሳብ ዐዋቂው ከሠዓሊው፣ ተማሪው ከነጋዴው ጋር ቡና ሲጠጣ የሚወለደው ሥራ ነው። የደንበኛው ስምና ስልክ በአገናኙ መዝገብ ብቻ ከተጻፈ፣ ባለቤቱ በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል።

ሆቴሎች ይህን ትምህርት በውድ ዋጋ ተምረዋል። በ1996 የተመሠረተው ቡኪንግ ዶት ኮም፣ ሆቴሎች በራሳቸው ገጽ ከእርሱ ዘንድ ካለው ዋጋ አሳንሰው እንዳይሸጡ በውል ያስር ነበር። ፈረንሳይ በ2015 ይህን በሕግ ከለከለች፤ የጀርመን የውድድር ባለሥልጣንም በዚያው ዓመት አገደው። በመስከረም 2024 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት፣ እንዲህ ያለው ግዴታ ለአገናኝነቱ ሥራ የግድ አስፈላጊ ነው ሊባል አይችልም ሲል ወሰነ። ነገ ሕግ የምታረቁ ወጣቶች ይህን ልብ በሉ፤ ውል የፈረመ ሁሉ ወዶ ፈረመ አይባልም።

ታዲያ ደላላውን እናባርረው? በበኩሌ አልልም። ማንም የማያውቀው አዲስ አዳራሽ ያለ አስተዋዋቂ በሩን ቢከፍት ከዝንብ በቀር የሚገባበት አይኖርም። ነገር ግን በልክ ይሁን። ለአገናኙ የሚሰጠው የቀን እንግዳውና የስብሰባ ክፍሉ ይሁን፤ የወር ደንበኛው ግን በቀጥታ ይመዝገብ። በውሉ ውስጥ የዋጋ እስራት መኖር አለመኖሩ ይመርመር። የመጣውን እንግዳ ባለቤቱ ራሱ ተቀብሎ ስሙን ይጠይቀው፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ በስልክ እንዲያስይዝ ይጋብዘው። ቴሌብር ከ2021 ጀምሮ ስላለ፣ ለመክፈል ሲባል ብቻ ሌላ አገናኝ አያሻም።

ከሁሉም የሚሻለው ግን አነስተኞቹ አዳራሾች እንደ ዕድር ተሰባስበው የጋራ መዝገብ ቢያቋቁሙ ነው። አንዱ ሲሞላበት ወደ ሌላው ይልካል፤ ድርሻውም ከማኅበሩ አይወጣም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መሆኑን አባቶቻችን የነገሩን ኢንተርኔት ሳይታሰብ ነው።