መነፅሩን ከማውለቃችሁ በፊት

አስኮት ቬል ውስጥ ከማውቃቸው ወጣቶች ብዙዎቹ መነፅር ያደርጋሉ። ብዙዎቹም "ሌዘር ልሠራ ነው" ይላሉ። የእህቴ ልጅ አንዷ ናት። ኔትቦል ስትጫወት መነፅሯ እየወደቀ፣ ከብርድ ወደ ቤት ስትገባ መስታወቱ ጉም እየለበሰ ሰለቻት። እናቷ ግን "በዓይን ቀልድ የለም" ብላ ዝም አለች። ልጅቷም ወደ እኔ መጥታ "አክስቴ፣ አንቺ ንገሪያት" አለችኝ።

እኔ ለማንም ከመናገሬ በፊት ነገሩን መረዳት ፈለግሁ።

መጀመሪያ አንድ ቃል። "የዓይኔ ብሌን" እየተባላችሁ አድጋችሁ ይሆናል። ብሌን በዓይን መካከል ያለው ጥቁር ክብ ነው። በአማርኛ ዜና ላይ ግን "የዓይን ብሌን ልገሳ" ሲባል የሚለገሰው ኮርኒያ ነው፤ ከፊት በኩል እንደ ሰዓት መስታወት ጥርት ብሎ ዓይንን የሚሸፍነው ክፍል። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን ወደ ዓይን ሲገባ በአብዛኛው የሚታጠፈው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ ቅርፁ ጥቂት ሲለወጥ ዕይታም ይለወጣል። ሌዘሩ የሚቀርፀው ይህንኑ ነው።

ታዋቂው ላሲክ ነው። ሐኪሙ ከኮርኒያው ላይ ስስ ክዳን ይከፍታል፣ ከሥሩ በሌዘር ይቀርፃል፣ ክዳኑን ይመልሳል። ብዙ ሰው በማግሥቱ ደህና ያያል። ፒአርኬ ከላሲክ የቆየ ነው፤ ክዳን የለውም። የላይኛው ስስ ሽፋን ይነሣና በራሱ መልሶ ያድጋል። ለጥቂት ቀናት ያማል፤ ዕይታው እስኪጠራም ሳምንታት ይወስዳል። ሆኖም ኮርኒያው ሳሳ ላለ ወይም እንደ ቦክስ ያለ ስፖርት ለሚወድ ሰው ሊመረጥ ይችላል። አዲሱ ስማይል ደግሞ በትንሽ ቀዳዳ በኩል ከኮርኒያው ውስጥ ስስ ቁራጭ ያወጣል። የመነፅራቸው ቁጥር በጣም ከፍ ላለ ሰዎች ዓይን ውስጥ ተጨማሪ ሌንስ የማስገባት ቀዶ ጥገናም አለ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ አንብባ "ስማይል" ብላ መርጣ ነበር። ነገር ግን ከምርጫ በፊት ልኬት ይመጣል። ኮንታክት ሌንስ የኮርኒያን ቅርፅ ስለሚለውጥ ከልኬቱ በፊት ለቀናት መውለቅ አለበት። ከዚያ መሣሪያው የኮርኒያውን ካርታ በቀለም ያሳያል። የእሷ ካርታ ከታች በኩል ቀላ።

ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቃት "ዓይንሽን ታሺያለሽ?" ብሎ ነው። እንዴት አታሽ! በሜልበርን ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የሣር ብናኝ ያላስነጠሰው፣ ዓይኑን ያላሳከከው ማን አለ?

ኬራቶኮነስ ጀምሯት ነበር። ኮርኒያው እየሳሳ እንደ ሾጣጣ ወደፊት የሚወጣበት በሽታ ነው፤ ዓይንን አዘውትሮ ማሸት ከእሱ ጋር ይያያዛል። ሌዘር ኮርኒያን ይበልጥ ስለሚያሳሳ እንዲህ ያለውን ዓይን ሊያበላሸው ይችላል። አገር ቤትም በአለርጂ ምክንያት ዓይናቸውን ሲያሹ የሚያድጉ ልጆች ብዙ ናቸው። በሽታው ሲበረታ ኮርኒያ መተካት ግድ ይሆናል። አዲስ አበባ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ካለው የዓይን ባንክ ብሌን ከሚጠብቁት መካከል እንዲህ ያሉ ወጣቶች አሉ።

በጊዜ ሲደረስበት ግን ክሮስሊንኪንግ የሚባል ሕክምና አለ። የቫይታሚን ቢ2 ጠብታ ዓይን ውስጥ ይጨመርና አልትራቫዮሌት ብርሃን ይበራበታል፤ ኮርኒያው ይጠነክራል። መነፅር አያስወልቅም፣ በሽታውን ግን ብዙ ጊዜ ያቆመዋል። ከሜይ 2018 ጀምሮ ሜዲኬር ይደግፈዋል። መነፅር ለማውለቅ ብቻ ለሚሠራ ሌዘር ግን ሜዲኬር አይከፍልም፤ ዋጋውም በሺህ የሚቆጠር ዶላር ነው።

"መነፅርን ለዘላለም ተሰናበቱ" የሚለውን ማስታወቂያ አልወደውም። አርባዎቹ ውስጥ ሲገባ የዓይን ውስጥ ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ፣ ሌዘር የተሠራ ሰውም ለማንበብ መነፅር መፈለጉ አይቀርም። የዓይን መድረቅና ማታ መብራት ዙሪያ ብልጭታ ማየትም ያጋጥማል። ዕድሜያችሁ ከ18 በላይ መሆን፣ የመነፅራችሁም ቁጥር ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይለወጥ መቆየት አለበት።

ዩኒየን ሮድ ላይ ወይም ሌላ ቦታ ኦፕቶሜትሪስት ዘንድ ስትሄዱ፣ ከ65 ዓመት በታች ላላችሁ የተለመደውን ምርመራ ሜዲኬር በየሦስት ዓመቱ ይሸፍናል። የኮርኒያ ካርታ ግን ለብቻ ሊያስከፍል ስለሚችል፣ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። በቤተሰብ ውስጥ ኬራቶኮነስ ያለበት ሰው ካለም ንገሯቸው።