ክሪኩ የት ይረፍ?

የላዳ ታክሲ ባለቤት ክሪክ ባይኖረው ብዙም አይጨነቅም ነበር። ሁለት ሦስት ጎረምሳ ይጠራና "አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!" ተብሎ ጎኗ ብድግ ይላል፤ ጎማው እስኪቀየር ድንጋይ ይገባላታል። ድንጋዩ ቢንሸራተት እንኳ ከሥር ያለው ቆርቆሮ ትንሽ ይቆለመማል፣ በመዶሻ ይመለሳል። ላዳ አንድ ቶን አትሞላም። ዛሬ በየግቢው የሚቆመው ቮልስዋገን አይዲ 4 ግን ትልቁን ባትሪ ከያዘ ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል፤ ከዚህ ውስጥ 500 ኪሎ የሚጠጋው ከወለሉ ሥር የተነጠፈው ባትሪ ነው። ሦስት ረድፍ መቀመጫ ያለው አይዲ 6 ደግሞ ከዚህም ይብሳል።

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ካስታወቁ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ መልኩ ተለውጧል። መኪናው ተለወጠ እንጂ ክሪኩና ክሪኩን የሚያስገባው እጅ በአመዛኙ የድሮዎቹ ናቸው። ከዚህም በላይ ከአዲሶቹ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታም ክሪክም ይዘው አይመጡም፤ በሁለቱ ፈንታ ትንሽ ኮምፕረሰርና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ነው ያላቸው። ጎማው ጎኑን ከተቀደደ ያ ፈሳሽ አይረዳም። ስለዚህ ባለቤቱ ክሪክ ፍለጋ መርካቶ መውጣቱ አይቀርም፤ ሻጩን መጀመሪያ የሚጠይቀውም "ስንት ቶን ያነሳል?" ብሎ ነው።

ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ቦታው ግን ወደ ኋላ ነው። ቶን መቁጠር ቀላል ነው፤ በክሪኩ ላይ ተጽፏል። ይበልጥ የሚያሳስበው ክሪኩ መኪናው ላይ የት እንደሚያርፍና መኪናው ከተነሳ በኋላ ምን ላይ እንደሚቆም ነው።

በነዳጅ መኪና ሥር የሚያስደግፉበት ቦታ አይጠፋም። ዲፈረንሻሉ አለ፣ ሻንሲው አለ፣ ሞተሩን የተሸከመው አግዳሚ ብረት አለ። በኤሌክትሪክ መኪና ሥር በደረት ተኝቶ ያየ ሰው ግን የሚያገኘው ከፊት እግር እስከ ኋላ እግር የተዘረጋ አንድ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፤ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ የአሉሚኒየም ወይም የብረት ሽፋን። ሲያዩት ለክሪክ ተብሎ የተዘጋጀ ይመስላል። ከሽፋኑ በላይ ያሉት ግን የባትሪው ሴሎች ናቸው፤ በብዙዎቹ መኪኖች ማቀዝቀዣውም እዚያው አካባቢ ያልፋል። መኪናው በዚያ በኩል ቢነሳ አንድ ቶን የሚጠጋ ክብደት መዳፍ በማታህል ብረት በኩል ሽፋኑን ይጫናል። ሽፋኑ ይሰረጉዳል። በዚያን ቀን ምንም ላይታይ ይችላል፤ መኪናው ይነሳል፣ ይሄዳል። ጉዳቱ ከውስጥ ከሆነ የሚወጣው በኋላ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ከመኪናው ዕቃ ሁሉ በዋጋ የሚወደደው ነው።

አምራቾቹ ለክሪክ የፈቀዷቸው ቦታዎች ብዙውን ጊዜ አራት ብቻ ናቸው፤ በየጎኑ ሁለት፣ ከባትሪው ውጭ፣ በበሮቹ ሥር በሚሄደው ጠርዝ ላይ። ከፊት ጎማ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከኋላ ጎማ ትንሽ ወደ ፊት። በአንዳንድ መኪና፣ ለምሳሌ በብዙዎቹ የቻይና ሥራዎች፣ ጠርዙ ወደ ታች የታጠፈ ስስ ብረት ሆኖ ትክክለኛው ቦታ በሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች መካከል ነው። በቴስላ ደግሞ ክብ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ የጎማ ድቡልቡል ለብቻው ይሸጣል። የመኪናው መጽሐፍ በቻይንኛ ቢሆን እንኳ ሥዕሉ ቋንቋ አይፈልግም፤ የክሪኩን ገጽ ፈልጎ የስልክ መብራት ይዞ ማጎንበስ ይበቃል። ቦታው ከተገኘ በኋላ ከጠርዙ ውስጠኛ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም አንዲት ነጥብ ማድረግ ከብዙ ንትርክ ያድናል።

ንትርኩ የሚመጣው ጎሚስታ ቤት ነው። ልጁ እንጨቱን ክሪኩ አናት ላይ አስቀምጦ በለመደው ቦታ ሊያስገባ ሲል ባለቤቱ ጣልቃ ይገባል።

"ቆይ፣ እዚያ ጋ አይደለም።"

"ጋሼ አያስቡ፣ እኔ በቀን ስንቱን አነሳለሁ!"

"እሱማ ታነሳለህ። የዚህ ግን ሆዱ ባትሪ ነው። ነጯ ምልክት ላይ አድርግልኝ፣ የኔ ወንድም።"

ነጥቧ ከሌለች ክርክሩ ይረዝማል፤ ከኋላ የቆመው ሚኒባስም ጥሩምባ ይጀምራል።

ወደ ክሪኩ እንምጣ። በገበያ ላይ ሦስት ዓይነት ይገኛል። አንደኛው እንደ መቀስ የሚከፈተውና በመዘውር የሚነሳው ነው። ቀላል ነው፣ ኮፈን ውስጥ ይገባል፣ መንገድ ላይ ለአንድ ጎማ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ ምንም አይጠበቅበትም። መግዛት ግድ ከሆነ የሚቀመጥበት አናቱ ከጠርዙ ጋር የሚገጥም፣ ክብደቱንም የሚችል መሆን አለበት፤ ከድሮ ቪትዝ የተወረሰው አይሆንም።

ሁለተኛው ጎሚስታዎች የሚወዱት አጭርና ወፍራም፣ የጠርሙስ ቅርጽ ያለው ሃይድሮሊክ ነው። የዚህ ክሪክ አባት ሪቻርድ ደጅን የተባለ የኒው ዮርክ መካኒክ ነው፤ ተንቀሳቃሹን የሃይድሮሊክ ክሪክ በ1851 እ.ኤ.አ. በስሙ አስመዝግቧል። የሚሠራበት መንገድ ዛሬም ያው ነው፦ በቀጭኗ ቱቦ ውስጥ እጀታው የሚፈጥረው ግፊት ሳይቀንስ ወደ ወፍራሙ ፒስተን ያልፋል፤ ፒስተኑ ሰፊ ስለሆነ ያው ግፊት ብዙ ጉልበት ይሆናል። ጉልበቱን ማንም አይጠራጠርም። ለኤሌክትሪክ መኪና የማይመቸው በሦስት ነገር ነው። ታጥፎ እንኳ ቁመቱ ብዙውን ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጎማው ተንፍሶ ዝቅ ባለ መኪና ሥር አይገባም፤ አናቱም ጠባብ ስለሆነ ጭነቱን አንድ ነጥብ ላይ ያበዛዋል። መሠረቱም ትንሽ ነው፤ መኪናው ትንሽ ቢገፋ አብሮ ያዘነብላል።

ለቤት የምመርጠው ሦስተኛውን፣ በአራት ትናንሽ ጎማዎች መሬት ላይ የሚንከባለለውን ረጅሙን ክሪክ ነው። ሲገዙት የሚታየው ከቶኑ ይልቅ ዝቅታው ነው፤ ዝቅ ብሎ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች የሚወርድ፣ ወደ ላይ ደግሞ ቢያንስ 45 የሚደርስ። ቶኑን በተመለከተ፣ 2 ቶን መኪና አንድ ጥግ ሲነሳ ክሪኩ የሚሸከመው የመኪናውን ሩብ አካባቢ ነው ብሎ ማስላት ይቻላል። ነገሩ ግን በወረቀት ብቻ ነው። የባትሪው ሳጥን ሻንሲውን ያጠነክረዋል፤ ስለዚህ ልክ አንድ ጠንካራ አልጋ በአንድ እግሩ ሲነሳ ሌላው እግር እንደሚከተለው፣ የኋላውን ጥግ ሲያነሱ የዚያው ጎን የፊት ጎማም ከመሬት ሊለቅ ይችላል። ያኔ ክሪኩ ላይ ያለው የመኪናው ግማሽ ነው። ባለ 3 ቶን መግዛት የሚመከረው ለዚህ ነው፤ ከዚያ በላይ መሄድ ክሪኩን ማክበድ ብቻ ነው። ከአናቱ ላይ መሐሉ ቦይ ያለው ጠንካራ ጎማ ይጨመርበት፤ የታጠፈው ጠርዝ ቦዩ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ጭነቱ በጎንና በጎኑ ያርፋል። ዋጋው ከሁሉ ያነሰው፣ ብዙ ሰው ግን የሚዘለው ዕቃ ይህ ነው።

ክሪክ ምንም ቢወደድ ማንሻ ነው። መኪናውን የሚይዘው አንዲት ጎሚኒና ጥቂት ዘይት ነው፤ ጎሚኒዋ ስታረጅ ቀስ ብላ ታፈሳለች፣ ወይም በአንድ ጊዜ ትለቃለች። መኪናው ሥር እጅ እንኳ የሚገባው በብረት መደገፊያ ላይ ከቆመ በኋላ ነው።

መደገፊያ ሲገዛ ደግሞ ሁለት ነገር ይታያል። መጀመሪያ አናቱ። ገበያውን የሞላው መደገፊያ አናቱ እንደ ባላ የተከፈተ ነው፤ የተሠራው የላንድክሩዘርን አክስል ወይም የአይሱዙን ሻንሲ እንዲያቅፍ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናን ጠርዝ በዚያ ላይ ማስቀመጥ ብረትን በብረት ስለት ላይ ማሳረፍ ነው፤ ወይ ይቆለምመዋል፣ ወይ ያንሸራትተዋል። ጠፍጣፋ አናት ያለው፣ ጎማ የለበሰ መሆን አለበት። ካልተገኘ ባላው ውስጥ በልኩ ተሠርቶ የሚገጥም ቦይ ያለው ጎማ ይፈለግ።

ሁለተኛው መቆለፊያው ነው። አንዱ ዓይነት በጥርስ ይይዛል፣ ሌላው ወፍራም ብረት በቀዳዳ አልፎበት ይቆለፋል። በጥርስ የሚይዘው ለሥራ ይቀላል፣ እኔ ግን ባለ ቀዳዳውን አስቀድማለሁ። ምክንያት አለኝ። በአሜሪካ ሀርበር ፍሬት የተባለው የመሣሪያ መደብር በ2020 እ.ኤ.አ. ፒትስበርግ በሚል ስም የሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን መደገፊያዎች ከገዢ እንዲመለሱ ጠራ፤ ብዛታቸው 1.7 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የማምረቻው ቅርጽ አርጅቶ ጥርሱና መያዣው በሚገባ ሳይናከሱ ስለወጡ፣ ጭነት እያለባቸው ድንገት ሊለቁ ይችሉ ነበር። በምትካቸው ከተሰጡት ባለ 3 ቶኖች የተወሰኑት ደግሞ በብየዳ ጉድለት እንደገና ተጠሩ። ጥርስ ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ቀዳዳ ውስጥ ያለፈ ብረት መያዝ አለመያዙ በዓይን ይታያል። ወረቀቱም ይነበብ፦ የተጻፈው ቶን የአንዱ ነው ወይስ የጥንዱ? አንዳንድ አምራች ለጥንድ ይጽፋል።

አሁን ችግር ይመጣል። በየጥጉ ያለው የተፈቀደ ቦታ አንድ ነው፤ ክሪኩ ከያዘው መደገፊያው የት ይገባል? በነዳጅ መኪና ክሪኩ መሐል ገብቶ መደገፊያዎቹ ጎን ይይዛሉ፤ እዚህ መሐሉ ባትሪ ነው። መፍትሔው እንደ መኪናው ነው። መጽሐፉ ከፊት ወይም ከኋላ ሌላ ጠንካራ አግዳሚ ከፈቀደ ክሪኩ በዚያ ይገባል። ጎኑ በአንድ ላይ ስለሚነሳ በኋላው ነጥብ አንስቶ መደገፊያውን ከፊተኛው ነጥብ ሥር ማስገባት የሚቻልባቸውም አሉ። ውጭ አገር ክሪኩ በመሐሉ ገብቶ የሚያነሳው፣ ከዚያ በቦታው የሚቆለፍ መደገፊያ ይሸጣል፤ ከሁሉም የሚመቸው ግን በሁለቱ ጎኖች ተነጥፎ በፓምፕ አራቱንም ነጥብ በአንድ ጊዜ የሚያነሳው ክዊክጃክን የመሰለ ማንሻ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ጋራዥ ያለው ቤት ኖሯቸው ቴስላ ለሚነዱ ወገኖች ይህ ምክንያታዊ ነው፤ ቴስላ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ አካባቢ ጎማ አዘዋውሩ ይላል፣ ሥራው ተደጋጋሚ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለአንድ ቤት መኪና ግን ቅንጦት ነው።

እንዲያውም በኤሌክትሪክ መኪና ሥር የሚያስተኛ ጉዳይ ጥቂት ነው። የሚለወጥ የሞተር ዘይት የለም፣ ማርሚታ የለም፤ መኪናው ራሱ ኃይል እየመለሰ ስለሚያቆም ሸራውም ቶሎ አያልቅም። የቤት ሥራው በአመዛኙ ጎማ ነው፤ አንድ ጥግ በአንድ ጊዜ። ለዚህ አንድ ዝቅተኛ ክሪክ፣ ሁለት መደገፊያና ሁለት ታኮ ይበቃል። መደገፊያ የሚገባበት ከጠፋና ሥራው ጎማ መቀየር ብቻ ከሆነ፣ የተፈታው ጎማ ራሱ ጠርዙ ሥር ተኝቶ ይቀመጥ፤ ብሎኬት ግን በፍጹም። ብሎኬት ተሰንጥቆ አያስጠነቅቅም፣ በአንዴ ይደቃል። የባህር ዛፍ ጉማጅም በቃጫው በኩል ይከፈላል።

መሬቱ ሌላው ነገር ነው። ተንከባላዩ ክሪክ ሲያነሳ አናቱ በቅስት ስለሚሄድ ራሱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መንከባለል አለበት። ሊሾ ላይ ይህ አይታወቅም። ኮብልስቶን ላይ ግን ትንሿ ጎማ በድንጋዮቹ መካከል ትገባና ትቆማለች፤ ክሪኩ መንቀሳቀስ ሲያቅተው መኪናውን ይጎትታል፣ ወይም አናቱ ከጠርዙ ላይ ይንሸራተታል። ወፍራም ላሜራ ከሥር ማንጠፍ ይህን ያቃልላል። ተዳፋት ግቢ ያለው ሰው ግን ላሜራም አያድነውም፤ መኪናውን ሜዳ ቦታ ይውሰድ።

ታኮውን የጭነት መኪና ረዳቶች ያውቁታል፣ የቤት መኪና ነጂ ይንቀዋል። የኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን የሚይዘው በአብዛኛው የኋላ እግሮችን ነው። ኋላው ሲነሳ የሚይዘው ነገር አየር ላይ ወጣ ማለት ነው፤ ታኮ የሚገባውም ከፊት ጎማዎቹ በግራና በቀኝ ሳይሆን ከፊትና ከኋላቸው ነው።

ከማንሳት በፊት የቻርጅ ገመዱ ይነቀል፣ ቁልፉም ከመኪናው ይራቅ፤ ሰው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ የሚነቁ መኪኖች አሉ። እንደ ቴስላ ሞዴል ኤስ የአየር ሞላ ያለው ከሆነ መኪናው ራሱን እንዳያስተካክል የክሪክ ሁነታው በስክሪኑ ይከፈት። የጎማው ብሎኖች ገና መሬት ላይ እያለ ላላ ይደረጋሉ። ክሪኩ ጠርዙን ሲነካ ቆም ብሎ ማየት፣ ጠርዙ ቦዩ ውስጥ ገብቷል ወይ? ሁለት ሦስት ጊዜ ፓምፕ፣ እንደገና ማየት። መደገፊያው ከገባ በኋላ ክሪኩ ቀስ ብሎ ይለቀቅና መኪናው በትከሻ ይገፋ፤ የሚወዛወዝ ከሆነ የሚወድቀው አሁን፣ ሰው ከሥሩ ሳይኖር ይውደቅ።

ሲወርድም እንዲሁ ነው፤ የክሪኩ መልቀቂያ በጣት ጫፍ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ይዞራል። ብሎኖቹ የመጨረሻ ጥብቀታቸውን የሚያገኙት ጎማው መሬት ከረገጠ በኋላ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ነው፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም አንዴ በመፍቻው ይሞከራሉ።