የቮልስ ቮላኖና የጣርማ በር ዳገት

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በአርማንያና በደብረ ሲና በኩል ወደ ጣርማ በር የሚወጣ ሰው፣ 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል። ማሽላና ማሾ የሚበቅልበትን የይፋት ቆላ ትቶ ሲወጣ፣ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ አፍ ላይ ጉምና ብርድ ይቀበሉታል። ይህን መንገድ በአሮጌ ቮልስ የሚመላለስ ባለመኪና አንድ ምክር መስማቱ አይቀርም፦ «ቮላኖውን አስቀልለው፤ መኪናዋ ትነቃለች።» ምክሩ እውነት አለው። ነገር ግን ጥቅሙ የሚታየው ሜዳ ላይ እንጂ በዚህ ዳገት ላይ አይደለም።

ቮላኖ፣ ፍላይዊል የሚሉትም አሉ፣ ከክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚታሰር ከባድ የብረት ክብ ነው። ሞተሪኖው ጥርሱን ይዞ ሞተሩን ያስነሳል፤ ፍሪሲዮኑም የሚያርፈው በፊቱ ላይ ነው። ዋና ሥራው ግን እንቅስቃሴን አጠራቅሞ ማቆየት ነው። ሞተር ያለማቋረጥ አይገፋም። ነዳጁ በነደደ ቁጥር ይመታል፤ በመካከሉ አየር ሲስብና ሲያምቅ ግን ራሱ ጉልበት ይበላል። በገጠር ወፍጮ ቤቶች ብዙ ዘመን ያገለገለው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ጎኑ ላይ ያንን ትልቅ መንኮራኩር የተሸከመው ለዚህ ነው። በሁለት ዙር አንዴ ብቻ ስለሚመታ የቀረውን መንገድ የሚያዞረው መንኮራኩሩ ነው። የቮልስ ሞተር ባለ አራት ሲሊንደር በመሆኑ በየዙሩ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ስለዚህ 8 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቮላኖ ይበቃዋል።

ከዚህ 8 ኪሎ ስንት ይነሳ ከማለት በፊት ከየት ይነሳ ማለት ይቀድማል። የሚሽከረከር ብረት ለማፍጠን የሚያስቸግረው በክብደቱ ብቻ ሳይሆን ከመሐሉ ባለው ርቀትም ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ችግሩ አራት እጥፍ ይሆናል። ከመሐል 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለ 1 ኪሎ ብረት፣ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለው 1 ኪሎ አራት እጥፍ ይጎትታል። ቶርኖ ቤት ሄዶ መሐሉን አስፍቆ የተመለሰ ሰው ሚዛን ላይ ለውጥ ያያል፣ መንገድ ላይ ግን ምንም አያገኝም። እንዲያውም ጥንካሬ በሚፈለግበት ቦታ ብረቱን አሳስቷል።

እንግዲህ በትክክል ተሠርቶ ከዳሩ፣ ከመሐል 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ 2 ኪሎ ተነሳ እንበል። በቮልስ 1300 አንደኛ ማርሽ ላይ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ከ16 ጊዜ በላይ ይዞራል። ሒሳቡ ሲሠራ ያ 2 ኪሎ በአንደኛ ማርሽ መኪናዋ ላይ 57 ኪሎ ያህል ጭነት ከማውረድ እኩል ነው፤ አንድ ተሳፋሪ እንደማለት። በሁለተኛ ወደ 17 ኪሎ፣ በሦስተኛ ወደ 6 ኪሎ ይወርዳል። በአራተኛ የሚቀረው 3 ኪሎ ገደማ ነው፤ ይህን ማንም ሹፌር አይለየውም። «ትነቃለች» የሚለው ምክር የመጣው ከአንደኛና ከሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ቤንዚን ሲረገጥ ሞተሩ ቶሎ ይጮሃል፣ ማርሽ ሲቀየርም ቶሎ ይወርዳል። ለእሽቅድምድም የሚዘጋጁ ቮልሶች ቮላኗቸውን እስከ 6 ኪሎና ከዚያም በታች የሚያወርዱት በዚህ ምክንያት ነው።

ዳገት ሌላ ነገር ነው። ከደብረ ሲና በላይ በሁለተኛ ማርሽ፣ ሳትፈጥንና ሳትዘገይ የምትወጣ መኪና የሞተሯ ዙር አይለወጥም። ዙሩ ካልተለወጠ ቮላኖው የሚቀበለውም የሚሰጠውም ጉልበት የለም፤ ከባድም ሆነ ቀላል ለውጥ አያመጣም። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚሽከረከር ሙሉ የቮልስ ቮላኖ በውስጡ ያጠራቀመው ጉልበት 3,500 ጁል ገደማ ነው። ሰው ጭና 1,000 ኪሎ የምትመዝንን መኪና ከፍ ማድረግ የሚችለው 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ዋሻው ያለው ከፍታ ግን ከ1,700 ሜትር ይበልጣል። ያንን የሚሸከመው ነዳጁ ነው።

ይኸው ትንሽ ጉልበት ትልቅ ዋጋ የሚያገኝበት አንድ ቅጽበት አለ። የጭነት መኪና ተከትሎ ዳገት ላይ የቆመ ሹፌር እንደገና ሊነሳ ፍሪሲዮኑን ሲለቅ፣ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ላይ ነው፤ አቅሙም ገና አልመጣም። በ1,500 ዙር ቮላኖው የያዘው በ3,000 ዙር ከሚይዘው ሩቡን፣ 870 ጁል ገደማ ነው። ከፊሉ ፍሪሲዮኑ ላይ በሙቀት ይጠፋል፤ የቀረው ግን መኪናዋን ከቆመችበት የሚነቀንቃት ነው። ቮላኖው ከቀለለ ይህ ስንቅ ያንሳል፤ ሞተሩም ድንገት ይጠፋል። ሹፌሩ እንዳይጠፋበት ብሎ ዙር ይጨምራል፣ ፍሪሲዮኑን አንሸራቶ ይለቃል፣ ፍሪሲዮን ይቃጠላል።

ከፍታው ደግሞ ነገሩን ያብሰዋል። ጣርማ በር ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል በሩብና ከዚያ በላይ ይሳሳል። በፋብሪካ ልኬት 40 የፈረስ ጉልበት ያላት ቮልስ 1300 እዚያ የሚቀራት ከ30 በታች ነው። ካርቡራተሩ ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ነዳጅ ስለሚያበዛ ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። ያንን መንቀጥቀጥ አለስልሶ ሞተሩን የሚያቆየው የቮላኖው ክብደት ነው። ብረቱ ከፍሪሲዮን የሚወጣውን ሙቀትም ተቀብሎ ያከፋፍላል፤ ፊቱ የሳሳ ቮላኖ ግን ቶሎ ይግላል፣ ይጣመማል፣ ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ ያወጣል።

ስለዚህ እኔ ከይፋት ቆላ ወደ ደጋ ለሚመላለስ ቮልስ ቮላኖውን በፋብሪካ ክብደቱ መተውን እመርጣለሁ። ማስቀለል ግድ ከሆነ ከ1 ኪሎ አይለፍ፤ በሞተሩ በኩል ካለው ጀርባ፣ ከዳሩ ይነሳ፤ የፍሪሲዮኑ ፊት ከሚያስፈልገው በላይ አይነካ። ፊቱ ተልጦ ሲስተካከል የፍሪሲዮኑ ሽፋን የሚታሰርበት ከፍ ያለው ዳርም በዚያው ልክ ዝቅ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ መያዣው ይላላል። ከቶርኖ በኋላ ሚዛኑ ሳይስተካከል አይታሰር። ከመሐል 12 ሴንቲ ሜትር ላይ 10 ግራም ብረት ቢበልጥ፣ በ4,000 ዙር ከ20 ኪሎ በላይ በሚመዝን ኃይል ክራንክሻፍቱን ወዲያና ወዲህ ይገፋል። በዓይን የማይታይ ልዩነት ኩሽኔታ ይበላል ማለት ነው። እንደ ፊያት 600 ያሉ፣ በ1955 ሲወጡ 633 ሲሲ ሞተር የነበራቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ማስቀለሉን ጭራሽ አልመክርም፤ የሞተሩ አቅም ባነሰ መጠን ዳገት ላይ ለመነሳት የሚፈልገው የቮላኖ ድርሻ ይጨምራልና።

ከማስቀለል ይልቅ ብዙ ሰው የሚጎዳው ምርጫ ላይ ነው። ቮልስ ሁለት ዓይነት ቮላኖ አላት። ባለ 6 ቮልቱ 109 ጥርስና 180 ሚሊ ሜትር ፍሪሲዮን ያለው ነው፤ ባለ 12 ቮልቱ 130 ጥርስና 200 ሚሊ ሜትር ነው። ጥርሱ ከሞተሪኖው ጋር ካልገጠመ ሁለቱም ይበላሉ። ትልቁን ቮላኖ በአሮጌ ካምቢዮ ላይ ለማሰር ደግሞ የካምቢዮው ቤት ውስጡ መላጥ አለበት። ያገለገለ ቮላኖ ሲገዛ ከክብደቱ በፊት ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚገጥምባቸው የአራቱ ፒኖች ቀዳዳ ይታይ፤ ክብነቱ ጠፍቶ ከሞለለ አይገዛም። የዘይት መከላከያው የሚያርፍበት አንገትም በጣት ይዳሰስ፤ ጎድጎድ ካለ ዘይት ፍሪሲዮኑ ላይ ይንጠባጠባል።

ቮላኖውን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያስረው አንድ በ36 ቁልፍ የሚፈታ ብሎን ነው። ከመታሰሩ በፊት በሦስት ቀጫጭን ቀለበቶች የክራንክሻፍቱ የፊትና የኋላ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ባለው መካከል ይስተካከላል። ብሎኑ የሚጠብቀው በ343 ኒውተን ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር በሚረዝም ቱቦ ጫፍ ላይ 35 ኪሎ እንደማንጠልጠል። ከዚህ ካነሰ ቮላኖው ፒኖቹ ላይ እየተወዛወዘ ቀዳዳቸውን ያሞልላል፤ ስለዚህ በእጅ ግምት ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ ይጥበቅ።